ቲ-55ቱ ለምን መጫወቻ መሰለ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በ1/72 ልኬት የተሠራ የቲ-55 ታንክ ኪት ገዝቼ ገጣጠምኩ። አባቴ በ1970ው ጦርነት በምሥራቅ ግንባር ታንከኛ ነበሩ፤ አሁን እዚህ ቨርጂኒያ አብረውኝ ይኖራሉ፤ ለልደታቸው ልሰጣቸው ብዬ ነው የሠራሁት። መመሪያውን አንድ በአንድ ተከትያለሁ። አረንጓዴውን ከሶቪየት ቀለም ናሙና ጋር አመሳስዬ በታሚያ (የጃፓን ሞዴል ኩባንያ ነው) አክሪሊክ ቀለም፣ በብሩሽ ቀባሁት። ዝገትም፣ የተላጠ ቦታም ጨመርኩበት። አባቴ አገላብጠው አዩትና ‹ጎሽ፣ ጥሩ መጫወቻ ነው› አሉኝ። ምኑ ነው የጎደለው?»

ወንድሜ፣ አባትህ ክፉ አልተናገሩም። የላክሃቸውን አራት ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። አገጣጠምህ ንጹሕ ነው፤ የተዛነፈ ጎማ የለም፤ መድፉም ቀጥ ብሏል። ለመጀመሪያ ሥራ ከዚህ በላይ የሚጠይቅህ የለም። ግን እሳቸው እዚያ ብረት ሆድ ውስጥ ውለው ያደሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው የሚፈልገው ክብደቱን፣ አቧራውንና ፀሐዩን ነው። አንተ የታንኩን ርዝመት በ72 አካፍለሃል፤ የቀለሙ ውፍረት፣ የብርሃኑ አወዳደቅና የብረቱ ክብደት ሳይካፈሉ ቀርተዋል። መጫወቻ የሚያስመስለው ይኸው ነው።

እኔ ሞዴል ከመጀመሬ በፊት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀቢ ነበርኩ፤ ስለዚህ ምላሼ ወደ ቀለሙ ያዘነብላል፤ ታገሠኝ።

በቅድሚያ ካልኩሌተርህን አውጣ። የቲ-55 አካል መድፉን ሳይጨምር 6.45 ሜትር ይረዝማል፤ ያንተው 9 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። የእውነተኛው ቁመት 2.40 ሜትር ነው፤ ያንተው 33 ሚሊ ሜትር። አጠገቡ የሚቆም ሰው 24 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። (72 የሚባለው ቁጥር ከየት መጣ ካልክ፣ ከእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ አንድ ኢንች ስድስት ጫማ ይሆናል፤ ስለዚህ ረጅም ሰው አንድ ኢንች ነው። ትልቁ ልኬት 1/35 ግን ከመለኪያ አልተወለደም። ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ ሞዴል ሲሠራ ሞተርና ባትሪ ሆዱ ውስጥ እንዲገቡለት የመረጠው መጠን ነው፤ ዓለም በሙሉ ተከተለው።)

አሁን ደግሞ በተቃራኒው አባዛ። በብሩሽ ደራርበህ የቀባኸው ቀለም 0.1 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ በእውነተኛው ታንክ ላይ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። የቀለሙ ቅርፊት የጣት ጥፍር ግማሽ የሚያህል ታንክ ማን አይቶ ያውቃል? መድፉ የተሠራባቸው ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበት ስንጥቅ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ጣት ያስገባል። ቱሬቱ (መድፉን የሚሸከመው፣ የሚዞረው አናት) ላይ ያሉት የእጅ መያዣዎች 0.8 ሚሊ ሜትር ናቸው ብንል፣ የሰው እጅ አንጓ ያህላሉ። እግረኛ ወታደር ምኑን ጨብጦ ይወጣል?

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ግን የርቀቱ ነው። ሞዴሉን ከዓይንህ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዘህ ስታየው፣ እውነተኛውን ታንክ ከ29 ሜትር ላይ ቆመህ እንዳየኸው ነው። ብሩሽ ባነሣህ ቁጥር «ይህ ነገር ከ30 ሜትር ይታየኝ ነበር?» በል። ብር መሳይ ቀለም ያደረግክባቸው ነጠብጣቦች አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ናቸው፤ በእውነተኛው ላይ የመዳፍ ስፋት ያላቸው ሰባት ሴንቲ ሜትር የሚያብረቀርቁ ቁስሎች ማለት ነው። ታንኩ ፈንጣጣ የያዘው መስሏል፤ ይቅርታ አድርግልኝ።

ኪቱን ግን አትጣለው፤ ይድናል። ታሚያ አክሪሊክ ስለሆነ እዚያው ሰፈርህ ካለ ፋርማሲ 91 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ግዛ፤ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ታንኩን ለጥቂት ሰዓታት ዘፍዝፈው፤ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው። ቀለሙ እንደ ቅባት ይለቃል፤ ፕላስቲኩን አይነካውም። መስኮት ከፍተህ፣ ከምድጃ ርቀህ ሥራ። ቲነር ወይም አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በአጠገቡ እንዳይደርስ። ኪቱ የተሠራው ከፖሊስታይሪን ነው፤ እነዚህ ይበሉታል። እኔ የመጀመሪያ ሞዴሌን የጋራዥ ልማድ ይዞኝ ናይትሮ ቀለም በቲነር አቅጥኜ ረጨሁት፤ ፓራፋንጎው ዓይኔ እያየ እንደ ሻማ ተጠማዘዘ። ስቱኮ የማያድነው ጉዳት መኖሩን ያን ቀን አወቅሁ።

ቀለሙ ከለቀቀ በኋላ በሳህን ማጠቢያ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ እጠበው። ፋብሪካው ፕላስቲኩን ከቅርጽ ማውጫው ለማላቀቅ የሚጠቀምበት ቅባት እላዩ ይቀራል፤ ሰዎች «ቀለሙ አልይዝ አለኝ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከመቀባትህ በፊት የሚስተካከሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። መድፉን በጥንቃቄ ያዘው፤ የሁለቱን ግማሾች መስመር በቢላዋ ጀርባ ፋቀው እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አንድ ወገን ብቻ አትሽ፤ ክብነቱ ይጠፋና ከጎን ሲያዩት ጠፍጣፋ ይሆናል። አፈሙዙን ብሳው። እውነተኛው መድፍ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያንተ ቀዳዳ 1.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በእጅ በምትዞር ትንሽ መሰርሰሪያ፣ መጀመሪያ በመርፌ መሐሉን ምልክት አድርገህ፣ ቀስ እያልክ ብሳ። የተደፈነ አፈሙዝ መጫወቻነትን ከሩቅ ይናገራል።

የፓራፋንጎውን ጠርዝ ከሥሩ በኩል አሳሳው። ሙሉውን ማሳሳት አያስፈልግም፤ ዓይን የሚያየው ጠርዙን ብቻ ስለሆነ ከታች በኩል በቢላዋ ሰያፍ አድርገህ ብትፍቀው ከላይ ሲታይ ስስ ቆርቆሮ ይመስላል። ከፊት ጫፉ ላይ አንዱን ጥግ በፒንሳ ትንሽ ጎንበስ አድርገው። ሲያገለግል የኖረ ታንክ ፓራፋንጎው ቀጥ ብሎ አይቀርም።

የእጅ መያዣዎቹን ቆርጠህ ጣላቸውና በ0.3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ተካቸው። ሽቦውን የሚይዘው ሱፐር ግሉ ነው፤ የፕላስቲክ ማጣበቂያ ብረት አይይዝም፤ እሱ የሚሠራው ፕላስቲክን ከፕላስቲክ አቅልጦ በማዋሐድ ነው።

ቱሬቱ ደግሞ ለብቻው ይወራለት። የቲ-55 ቱሬት እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ያለ፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ፊቱ ሸካራ ነው። ያንተው እንደ ሻይ ብርጭቆ ልስልስ ብሏል። ቀጭኑን የፕላስቲክ ማጣበቂያ በብሩሽ ቀባና ፕላስቲኩ ለስለስ ሲል በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠቅ ጠቅ አድርገው። ትንሽ ቦታ እየያዝክ ሥራ። ሲደርቅ በጣም የሻከረውን በብርጭቆ ወረቀት ዳሰስ አድርገው፤ ጣትህ የሚሰማው፣ ዓይንህ ግን በጭንቅ የሚያየው ሸካራነት በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በ72 ተባዝቶ የኮረት ክምር ይሆናል።

እዚህ ላይ አባትህን አስቀምጠህ አንድ ነገር ጠይቃቸው፦ «ጥይት አጉራሹ በሚቀመጥበት በቀኝ በኩል፣ ከመውጫ ክዳኑ ፊት፣ እንደ እንጉዳይ ያለ የአየር ማናፈሻ ክዳን ነበር?» ነበር ካሉህ የነዱት የቲ-55 ታላቅ የሆነው ቲ-54 ነው፤ ቲ-55 ሲሠራ ያ ክዳን ቀርቷል። ከአጉራሹ ክዳን ላይ የሚቆመው ከባድ መትረየስም በመጀመሪያዎቹ ቲ-55ዎች ላይ አልነበረም፤ በኋላ ነው የተመለሰው። ሁለቱን ታንኮች ከሩቅ የሚለይ ጥቂት ሰው ነው። ውስጡ የኖረ ሰው ግን አይስትም። በዚያ ጦርነት ሶማሊያም ቲ-54ና ቲ-55 ነበራት፤ የእኛ ጦር ከዚያ ቀደም ብሎ የተማረው በአሜሪካኖቹ ኤም-41ና ኤም-47 ታንኮች ነው። ስለዚህ ትዝታቸው ውስጥ ብዙ ዓይነት ብረት ሊኖር ይችላል፤ አትቸኩልባቸው። ሣጥኑ ውስጥ የመጣውን የሌላ አገር ምልክት ግን በጭራሽ አትለጥፍ። ምልክት ነበረው? ቁጥር ነበረው? የት ላይ? እሳቸው ካላስታወሱ ባዶውን ይቅር፤ ባዶ ታንክ ከተሳሳተ ታንክ ይሻላል።

ሰንሰለቱ። ፎቶህን ሳየው መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው እዚያ ነው። እንደ ቀበቶ ተወጥሮ በአየር ላይ ሄዷል። እስቲ ይህን አስብ፦ እውነተኛው ታንክ 36 ቶን ነው። ክብደት በሦስት አቅጣጫ ስለሚቀንስ 36 ቶንን ሦስት ጊዜ በ72 ብታካፍለው 96 ግራም ይመጣል። የእጅህ ፕላስቲክ ያንን እንኳን አይመዝንም፤ ሰንሰለቱም ጎማ ወይም ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ በራሱ ክብደት አይረግብም። ክብደቱን የምትሰጠው አንተ ነህ። ቲ-55 ሰንሰለቱን ከላይ የሚሸከሙ ትናንሽ መዘውሮች የሉትም፤ የላይኛው ሰንሰለት የሚያርፈው በቀጥታ በትልልቆቹ ጎማዎች ጀርባ ላይ ነው። ከፊት ካለው መዘውር ወርዶ በመሐለኞቹ ጎማዎች ላይ ይተኛል፣ ከዚያ ከኋላ ወዳለው ጥርሳም መዘውር ይወጣል። የጎማ ሰንሰለት ከሆነ በመሐለኞቹ ሦስት ጎማዎች አናት ላይ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርገህ እስኪይዝ በስቴኪኒ ተጫነው። ቁርጥራጭ ፕላስቲክ ከሆነ ማጣበቂያው ገና ሳይጠነክር፣ ለስለስ እያለ አጉብጠው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት የቲ-54ና የቲ-55 መታወቂያ ነው፤ ጎማዎቹን እኩል ለማራራቅ ብለህ እንዳታጠፋው። ይህን የምለው አንድ ጎበዝ ወዳጄ «ኪቱ ተሳስቷል» ብሎ ሲያስተካክል ስለያዝኩት ነው።

ወደ ቀለሙ ደረስን።

ቀለምህ ትክክል ነው፤ ችግሩም ትክክል መሆኑ ነው። የጋራዥ ሰው ይህን ቶሎ ይገባዋል፦ ቀለም ቤት በትንሽ ቆርቆሮ ላይ ያየኸው አረንጓዴ፣ ሙሉ መኪና ላይ ሲረጭ የደመቀና የፈካ ይመስላል፤ ትልቅ ስፋት ብዙ ብርሃን ይመልሳል። ሞዴሉ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የእውነተኛው ታንክ ቀለም 9 ሴንቲ ሜትር ዕቃ ላይ ሲወርድ ይጠቁራል። በዚያ ላይ 30 ሜትር አየርና አቧራ በመካከል ሲገባ ቀለም ይደበዝዛል። ሙያተኞች ምን ያህል መፍካት እንዳለበት ይከራከራሉ፤ አንዳንዶችም ነገሩን ከነጭራሹ አይቀበሉትም። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ አምስት እጅ ኤክስኤፍ-58 (የታሚያ የቀለም ቁጥር ነው) አረንጓዴ ላይ አንድ እጅ ኤክስኤፍ-57 ቡኒማ ክሬም። ነጭ አልጨምርም፤ ነጭ አረንጓዴውን የሆስፒታል ግድግዳ ያደርገዋል። ክሬሙ ግን ፀሐይ የበላው ያስመስለዋል።

በብሩሽ መቀባት አይከለከልም፤ ግን ታሚያ አክሪሊክ ለብሩሽ አይመችም። ቶሎ ስለሚደርቅ ሁለተኛው ምልሰት የመጀመሪያውን ይቧጥጠዋል፤ ፎቶህ ላይ ያየሁት ጭረትም የዚያ ነው። በብሩሽ መቆየት ከፈለግክ እንደ ቫሌሆ ያለ በውኃ የሚቀጥን ቀለም ግዛ፤ እንደ ወተት አቅጥነህ ሦስት አራት ጊዜ ቀባ፤ በየመሐሉ በደንብ ይድረቅ። የመጀመሪያው ልባስ ገጹን ጥርት አድርጎ ካልሸፈነ አትደንግጥ፤ እንዳይሸፍንም ነው የሚፈለገው። ጋራዥ ውስጥ «አንድ ወፍራም ከመርጨት ሦስት ስስ» እየተባልን ነው ያደግነው፤ እዚህ በ72 ተባዝቶ ይሠራል።

አቅም ካለህ ግን ቀለም በአየር የሚረጭ ኤርብራሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ግዛ። መርፌው 0.3 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ግፊቱ ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው)። ቀለሙን በራሱ ማቅጠኛ እኩል በእኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አቅጥነው። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ርቀህ እርጭ። ርቀትህ ሲበዛ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ እንደ ዱቄት ይቀመጣል፤ ሲያንስ ይፈሳል። ቤት ውስጥ አባትህ እንዳሉ አትርሳ፤ የረጨኸው ወደ ሳንባ ይገባል። የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ጭምብል አድርግ፤ አየሩ በመስኮት ይውጣ። እኔ በወጣትነቴ ፊቴን በሻርፕ አስሬ ስረጭ የኖርኩበትን ዘመን ሳልዬ አስታውሰዋለሁ።

አረንጓዴው ከመግባቱ በፊት ግራጫ ፕራይመር እርጭ። ፕራይመር የተደበቀውን ስንጥቅና ጭረት ሁሉ ያወጣዋል፤ ያኔ ስቱኮህን ሞልተህ፣ አሽተህ፣ እንደገና ረጭተህ ትቀጥላለህ። ከዚያ ጥላ የሚያርፍበትን ሁሉ፣ ማለትም ከፓራፋንጎው ሥር፣ ከቱሬቱ አንገት፣ ከሰርባቶዮዎቹ ጀርባ ጥቁር ቡኒ አልብሰው። አረንጓዴውን ከላይ ወደታች ስትረጭ ጥላው በስሱ ይታይ።

ለምን ጥላ እንቀባለን? ፀሐይ አንድ ናት፣ ኃይለኛ ናት፤ ሜዳ ላይ የቆመ ታንክ ከቱሬቱ ሥር ድፍን ጥቁር ጥላ ይጥላል። ያንተ ሳሎን ግን ብርሃኑ ከአምፖሉም፣ ከግድግዳውም፣ ከመስኮቱም ይመጣል፤ በ33 ሚሊ ሜትር ዕቃ ሥር ጥላው ይበተናል። የጠፋውን በቀለም ትመልሳለህ። ጅግጅጋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ነው የምትቆመው። ስለዚህ የአውሮፓ ሞዴል ሠሪዎች የሚያሳዩትን ዓይነት የጎን ብርሃን አትከተል። የቱሬቱ አናት፣ የሞተሩ ክዳን፣ የፓራፋንጎው ጀርባ፣ ወደ ሰማይ የሚያየው ሁሉ ይፍካ፤ ለመጨረሻው ስስ ርጭት ክሬሙን ጨምርበት። ቁልቁል የሚወርደው ይጥቆር። ይህን ብቻ አድርገህ ብታቆም እንኳ የታንኩ ግማሽ መጫወቻነት ይጠፋል።

ቀጥሎ አንጸባራቂ ቫርኒሽ በስሱ እርጭ። «ማብረቅረቁን እየሸሸሁ ለምን አብረቀርቃለሁ?» ካልክ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የዘይት ቀለም በለስላሳ ገጽ ላይ ነው የሚንሸራተተው፤ በሸካራ ገጽ ላይ እንደ ቡና እድፍ ይሰራጫል። ጥቁርና ቡኒ የሰዓሊ ዘይት ቀለም ጥቂት ወስደህ ሽታ በሌለው አኳራጅ እንደ ሻይ አቅጥነው። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ የብሎኑን ግርጌ፣ የክዳኑን ዙሪያ፣ የሞተሩን ወንፊት ነካ ብቻ አድርግ፤ ፈሳሹ ራሱ በመስመሩ ይሮጣል። ታንኩን በሙሉ አታጥበው፤ እሱ ጀማሪ የሚሳሳትበት ነው፤ አጠቃላዩን ያቆሽሸዋል። በቀጣዩ ቀን የተረፈውን በአኳራጅ በረጠበ ብሩሽ ጥረገው። አኳራጁ ከሥር ያለውን አክሪሊክ አይነካውም፤ ኃይለኛው ማቅጠኛ ከሥር፣ ደካማው ከላይ፤ ይህን ቅደም ተከተል ከገለበጥክ የሁለት ሳምንት ሥራህ በአንድ ብሩሽ ይነሣል።

አሁን ስለ ዝገቱ። የእኛ ሰው ታንክ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣበት ምስል አለ፤ በሰሜን መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፦ ከመንገዱ ዳር ተዘቅዝቆ የቀረ፣ ሣር የበቀለበት፣ ፍየል የቆመችበት ብርቱካናማ ብረት። አንተም ሳታውቀው እሱን ነው የቀባኸው። ያ ግን የሞተ ታንክ ነው፤ ለዓመታት ዝናብ ጠጥቷል። ሠራተኛ ያለው፣ ነዳጅ የተሞላ፣ ነገ የሚወጣ ታንክ እንዲያ አይዝግም። አባትህ የነዱት ታንክ ላይ ዝገት የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው፤ ሰንሰለቱ ላይ፣ እሱም ቆሞ ሲያድር ብቻ፤ ሁለተኛው ማርሚታው አፍ ላይ፣ ሙቀት ቀለሙን ስለሚያቃጥለው። የቲ-55 ማርሚታ የሚወጣው በግራ ፓራፋንጎ ከኋላ በኩል ነው። እዚያ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት በሰፊው አድርግ፤ ናፍጣ ነው የሚያቃጥለው። ፎቶህ ላይ ይህ ቦታ ንጹሕ አረንጓዴ ሆኖ ሳየው አባትህ ምን እንዳሰቡ ገባኝ።

የተላጠውን ቦታ ብር አትቀባው። ቀለም የተነሣበት የታንክ ብረት ጥቁር ቡኒ ነው። ቁራጭ ስፖንጅ በወረንጦ ይዘህ ቀለም ንከር፣ ወረቀት ላይ ጠቅ ጠቅ እያደረግክ አብዛኛውን አራግፍ፤ የቀረችውን ታህል የክዳን ጠርዝና ሠራተኞቹ እግር የሚያሳርፉበት ቦታ ላይ ብቻ ንካ። የት እንደሚረግጡ ገምተህ አትሥራ፤ ቤትህ ያሉትን ሰው ጠይቅ፤ ከየትኛው ጎን እንደሚወጡ፣ ምኑን እንደሚጨብጡ እጃቸው ራሱ ያሳይሃል። ሰንሰለቱን ጥቁር ቡኒ ቀብተህ፣ መሬት የሚነካውን ከፍ ከፍ ያለ ጠርዝ በተራ የእርሳስ ጫፍ እሸው፤ የእርሳሱ ግራፋይት የተወለወለ ብረት ያስመስለዋል። ከዚህ የረከሰ፣ ከዚህም የሚያምር ዘዴ አላውቅም።

አቧራው የመጨረሻ ነው፤ አብዛኛውም ሥራ እሱ ይሠራዋል። መጀመሪያ ማት ቫርኒሽ እርጭና አንጸባራቂነቱን ግደለው። ከዚያ ሰንሰለቱን፣ ጎማዎቹንና የታችኛውን አካል በደረቅ ዱቄት ቀለም በለስላሳ ብሩሽ ቀባ፤ የሞዴል ሱቅ ይሸጠዋል፤ የሰዓሊ ጠመኔ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ብትሠራውም ይሆናል። በጣት መዳሰስ የሚበዛበት ከሆነ በአንዲት ጠብታ አኳራጅ አስይዘው። ወደ ላይ ስትወጣ እየሳሳ ይሂድ፤ ከፓራፋንጎው በላይ ጥቂት ብቻ። ቀለሙን እኔ አልመርጥልህም። ቀይ ነበር? ነጣ ያለ ነበር? አባትህ ፊት ሦስት ዓይነት ዱቄት በወረቀት ላይ ደርድርና «የትኛው ነው?» በላቸው። ሳያስቡ አንዱን ይጠቁማሉ።

ከኋላ ባዶ ሆኖ የቀረውን ቦታ ሙላው። ሁለቱ የነዳጅ በርሜሎች ኪቱ ውስጥ አሉ፤ ከእነሱ ሥር የሚታሰረው፣ ታንኩ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ከሰንሰለቱ ጋር የሚታሰረው ግንድ ግን ፕላስቲክ ነው፤ አውጥተህ ጣለውና ከጓሮህ 3 ሚሊ ሜትር የምትወፍር የደረቀች ጭራሮ ቆርጠህ አስገባ፤ የእንጨትን ቅርፊት ቀለም አያስመስለውም። ለሸራ፣ ከሶፍት አንዱን ስስ ንጣፍ ነጥለህ በውኃ በቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ ነክረህ ጠቅልለው፤ ቱሬቱ ጀርባ ላይ ሲደርቅ በራሱ ይረግባል፤ ከዚያ ቀባው። ለመጎተቻው ገመድ ከአሮጌ የስልክ ሽቦ ውስጥ የምታገኛቸውን ቀጫጭን መዳቦች ሦስቱን አንድ ላይ ግመድ። ሌላ ዕቃ ካስፈለገ እሳቸው ይንገሩህ፤ ታንከኞች ምን ያንጠለጥሉ እንደነበር ኪቱ አያውቅም።

ሲያልቅ የምትፈትሽበትን መንገድ ልንገርህና ላብቃ። የላክህልኝ ፎቶዎች በሙሉ ከላይ ወደታች የተነሡ ናቸው። ሞዴሉ 33 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከደረትህ ከፍታ ስታነሣው ከሄሊኮፕተር እንደታየ ነው። ስልክህን ዘቅዝቀው፤ ሌንሱ ጠረጴዛውን ይንካ፤ ያኔ 24 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ሰው በሚያይበት ከፍታ ላይ ትሆናለህ። በአንድ ወገን ብቻ መብራት አብራ፣ ወይም ወደ መስኮት ውሰደው። እንዲህ አንሥተህ ስክሪኑ ላይ ስታየው የሰንሰለቱ መርገብ፣ የአፈሙዙ ቀዳዳ፣ የማርሚታው ጥላሸት ወዲያው ይናገራሉ፤ የቀረ ስህተትም ይታይሃል፤ አስተካክለህ እንደገና አንሣ። መደርደሪያ ላይም ስታስቀምጠው አባትህ በሚቀመጡበት ወንበር የዓይን ልክ አድርገው፤ በግራ ጎኑ፣ ማርሚታው ወደ እሳቸው እንዲያይ።